ታሪክን በራስ እጅ ስለ መያዝ

(በትምህርት ቤታችን ክብረ በዓል ቀን በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ አንድ የአገራችን ሰው ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እጅግ ደስ ይለናል። እኚህ ሰው የፊልም ደራሲና አዘጋጅ ኃይሌ ገሪማ ናቸው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ኃይሌ በ1946 በጎንደር ተወለዱ። አባታቸው «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት ገሪማ ታፈረ ስለ ሆኑ፣ ድርሰትን ያወቁት ገና በቤታቸው ሳሉ ነው። ኋላም ወደ አሜሪካ ሄደው በቺካጎ ቲያትርን፣ በሎስ አንጀለስ ደግሞ ፊልምን ተማሩ። በ1974 ወደ አገራቸው መጥተው፣ የገበሬውንና የባለርስቱን ኑሮ የሚያሳየውን «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» በአማርኛ ቀረጹ። ቀረጻው የፈጀው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። ከዚያም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተማሩ።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የ«ሳንኮፋ» ነገር ነው። ይህ ስለ ባርነት የሚናገር ፊልም በ1993 በበርሊን ቢታይም፣ በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ድርጅት ታጣ። ኃይሌ ግን ፊልሙን ሣጥን ውስጥ አልቆለፉበትም። ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር ሆነው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ወደ ከተማ አሳዩት። ሕዝቡም አንዱ ለሌላው እየነገረ መጣ። በኋላም በዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት በዚሁ ስም መጻሕፍትና ፊልም የሚሸጥበት ቤት ከፈቱ።

«ለሀብታም ድርጅት ቢያድሩ ኖሮ ድካሙ በቀለለላቸው» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው መንገዱ ይረዝምበታል። «ጤዛ» የተባለው ፊልማቸው ብዙ ዓመታት ፈጅቶ የወጣው በ2008 ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ ታላቁን ሽልማት ተቀበለ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንደሚባለው፣ ገንዘቡ የሌላ ሲሆን ቃሉም የሌላ ይሆናል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! ከዚህ የምንማረው፣ ጽፎ መጨረስ የሥራው እኩሌታ ብቻ መሆኑን ነው። የጻፉትን ተሸክሞ ወደ ሕዝብ ማድረስ ሌላው እኩሌታ ነው። እኛም የአያቶቻችንን ታሪክ በደብተራችን እንጻፍ፤ መድረክም ብናጣ በዚሁ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ እናሳየው። ሌላው እስኪነግርልን ብንጠብቅ፣ ሌላው እንደ ወደደ ይነግረዋል።