ሳይቃጠል በቅጠል፦ በወዳጆች መካከል የሚነሣ የንግድ ጦርነት ዋጋው ስንት ነው?

በአማኑኤል ለተሰበሰቡ መራጮች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል






ዛሬ የማነሣው ጉዳይ የቆየ ነው፤ የቆየ ይሁን እንጂ አልተዘጋም። ሁለት ወዳጅ መንግሥታት በገንዘብና በንግድ ተጣልተው፣ ጠባቸውን የሚዳኝ አካል ሳያበጁ በመቅረታቸው ነገሩ በግማሽ ዓመት ውስጥ ከገበያ ወደ ጦር ሜዳ እንዴት እንደተሸጋገረ ላስታውሳችሁ ነው። የምናገረው ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ፣ ስለ 1990 ዓ.ም. ነው። ዕድሜያችሁ ከአርባ ያለፈው ሁሉንም ታስታውሱታላችሁ። ወጣቶች ግን ዋጋውን የከፈላችሁት ሳታውቁት ነው። ዛሬም ከወደብ ወደ መርካቶ በሚገባው በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ የዚያ ጠብ ሂሳብ ተደምሮበታል።

ወዳጅነቱ ነበር፤ ዳኛው ግን አልነበረም

በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የኤርትራ ሕዝብ ድምፅ ሰጠ፤ በግንቦት ወር ነፃነቱ ታወጀ፤ በሐምሌ ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት አዲስ አበባ ላይ የወዳጅነትና የትብብር ስምምነት ፈረሙ። አገሮቹን የሚመሩት ድርጅቶች በትጥቅ ትግሉ ዘመን አጋሮች ነበሩ። ብር የሁለቱም አገሮች መገበያያ ሆኖ ቀጠለ። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በአሰብ ወደብ ያልፍ ነበር። ጨው ከአሰብ ይመጣል፤ ጤፍ ከዚህ ይሄዳል። ኤርትራ ወደ ውጭ ከምትሸጠው ከግማሽ በላዩን የምትገዛት ኢትዮጵያ ነበረች። ከዚህ የበለጠ የተሳሰረ ገበያ በአካባቢያችን አልነበረም።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የቆመው በመሪዎች መተማመን ላይ ነበር። ነጋዴው ቢበደል የት እንደሚከስ፣ መንግሥታቱ ባይስማሙ ማን እንደሚዳኛቸው የተበጀ የጸና ሥርዓት አልነበረም። ከኢትዮጵያ በኩል «ኤርትራውያን ነጋዴዎች በብር የገዙትን ቡና ወደ ውጭ እየላኩ ዶላር ያገኙበታል» የሚል ቅሬታ ይሰማ ነበር። ከኤርትራ በኩል ደግሞ «የገንዘብ ፖሊሲያችን በአዲስ አበባ እጅ ነው» ይባል ነበር። ሁለቱም ቅሬታዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ሊፈቱ ይችሉ ነበር። አልተፈቱም።

በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን የራሷን ገንዘብ አወጣች። የአስመራ ፍላጎት ናቅፋና ብር አንድ ለአንድ እየተመነዘሩ በሁለቱም አገሮች እንዲሠራባቸው ነበር። አዲስ አበባ አልተቀበለችውም። የብር ኖቶች ተለወጡ፤ ንግዱም እንደ ማንኛውም የውጭ ንግድ በውጭ ምንዛሪና በባንክ ኤልሲ ይሁን ተባለ። ከዚህ ነፃ የተደረገው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የድንበር ላይ ንግድ ብቻ ነበር።

ፍትሐዊ እንሁን። የራስን ገንዘብ ማውጣት የአንድ አገር መብት ነው። በውጭ ምንዛሪ ክፈሉኝ ማለትም የሌላው አገር መብት ነው። ጥፋቱ መብቱ ላይ አይደለም፤ አደራረጉ ላይ ነው። ለዓመታት በአንድ ገንዘብ ሲገበያይ የኖረ ሕዝብ በቂ የመሸጋገሪያ ጊዜ አልተሰጠውም። የንግድ ምክር ቤቶች ሐሳብ ሚዛን አልደፋም። በፓርላማ በግልጽ የተደረገ ክርክር አልነበረም። ትናንት በአንድ የጭነት ደረሰኝ ይሄድ የነበረ ዕቃ በማግሥቱ ዶላር ተጠየቀበት፤ ዶላሩ ደግሞ በነጋዴው እጅ አልነበረም። ንግዱ ቀዘቀዘ፤ በሁለቱም በኩል ቂም ተቋጠረ።

ስድስት ወር ያህል ቆይቶ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ባድመ አካባቢ ተኩስ ተከፈተ። ግንቦት 4 ቀን የኤርትራ ጦር ገባ። ባድመን ያቃጠለው የናቅፋ ጉዳይ ብቻ ነው አልልም፤ የድንበሩ ክርክር የራሱ ታሪክ አለው። ነገር ግን ገበያቸው የሰመረ ጎረቤቶች በድንበር ጉዳይ ቢከራከሩም የሚያጡትን ስለሚያውቁ ይታገሣሉ። ገበያው ሲዘጋ ግን ለመታገሥ የሚያበቃው ምክንያትም አብሮ ይዘጋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረታችን የተነገረው ለዚህ ነው።

ሂሳቡን ማን ከፈለ?

የመጀመሪያው ከፋይ ወታደሩና ቤተሰቡ ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የሰላም ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆቻችን አልቀዋል። በዚህ ሠፈር መርዶ ያልገባበት መንገድ የለም።

ሁለተኛው ከፋይ ጎረቤታችን ነው። ከሰኔ 1990 ዓ.ም. ጀምሮ ዘራቸው ከኤርትራ ነው የተባሉ ሰዎች ከቤታቸውና ከሱቃቸው እየተወሰዱ በአውቶቡስ ተጭነው ተባረሩ። የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ቁጥሩን ወደ 75 ሺህ ያደርሱታል። ብዙዎቹ እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ ዕቁብ ጥለው፣ እዚሁ ዕድር ገብተው የኖሩ ነበሩ። የታሸገውን ሱቅ፣ ለጎረቤት በአደራ የተተወውን ቁልፍ፣ እናት በአንድ አገር ልጅ በሌላ አገር የቀሩበትን ቀን የምታስታውሱ አላችሁ። ከኤርትራም በኩል በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ንብረታቸውን ጥለው፣ ታስረውና ተንገላተው ተመልሰዋል። የሁለቱም ዕንባ አንድ ነው።

ሦስተኛው ከፋይ ነጋዴው ነው። ጦርነቱ ሲጀመር በአሰብ ወደብ የነበረ የኢትዮጵያ ዕቃ እዚያው ቀረ። ጉዳዩ ዘ ሄግ ለተቀመጠው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሣ ኮሚሽን ቀረበ። ኮሚሽኑ በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ የወደቡን ዕቃ በተመለከተ ኢትዮጵያ ያቀረበችውን አቤቱታ ውድቅ አደረገው። ዕቃው የመንግሥት ብቻ አልነበረም፤ ተበድሮ ያስመጣ የግለሰብ ነጋዴም ዕቃ ነበር። ከሰባት ዓመት በላይ ጠብቆ ያገኘው መልስ ይህ ነበር።

አራተኛው ከፋይ እያንዳንዳችን ነን። በአንድ ጊዜ ፊታችንን ወደ ጅቡቲ አዞርን። ጅቡቲ በክፉ ቀን የደረሰችልን ጎረቤት ናትና ምስጋና ይገባታል። ነገር ግን አንድ ደንበኛ አንድ ሻጭ ብቻ ሲኖረው ዋጋ የመደራደር አቅሙ ምን ያህል እንደሆነ ለመርካቶ ሰው አይነገረውም። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የውጭ ንግዳችን በአንድ መስመር ያልፋል። ለወደብ አገልግሎት በየዓመቱ የሚወጣው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚደርስ ባለሥልጣናቱ ራሳቸው በተደጋጋሚ ተናግረዋል። አሰብም ብትሆን አላተረፈችም፤ ትልቋ ደንበኛዋ ስትቀር ወደቧ ጭር አለ።

በመጨረሻም ዳኛው ሂሳቡን ዘጋ። ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. የካሣ ኮሚሽኑ ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኤርትራ ደግሞ በድምሩ 163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወሰነ። ልዩነቱ 11 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አይሞላም። እናንተ ሂሳብ የምታውቁ ሰዎች ናችሁ። ይህን ሁሉ ሕይወትና ንብረት አጥፍቶ ሚዛኑ ይህ ብቻ ከሆነ፣ አትራፊው ማን ነው?

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካና ካናዳ በዓለም ረጅሙን ድንበር የሚጋሩ፣ በአንድ የጦር ቃል ኪዳን የታሰሩ ወዳጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ «ለብሔራዊ ደኅንነቴ» ብላ በካናዳ ብረት ላይ 25 በመቶ፣ በአሉሚኒየም ላይ 10 በመቶ ቀረጥ ጣለች። ካናዳም አጸፋውን መለሰች። ሁለቱም በ2019 አነሡት፤ በ2025 ግን ጠቡ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። ቀረጡን የከፈለው ብረቱን ገዝቶ የሚሠራው ፋብሪካና ዕቃውን የሚገዛው ሸማች ነው። ልዩነቱ ግን አለ። እነርሱ ፍርድ ቤት አላቸው፣ የሚጠይቅ ፓርላማ አላቸው፣ የተጻፈ የንግድ ውልም አላቸው። ስለዚህ በቀረጥ ተጣሉ እንጂ በመድፍ አልተጣሉም። እኛ የጎደለን ይህ ነበር።

ትምህርቱ ተወስዶ ይሆን?

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. አስመራ ላይ የሰላም መግለጫ ሲፈረም ሁላችንም ተደስተናል። በዚያው ወር አውሮፕላኑ በረረ፤ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቡሬና በዛላምበሳ ድንበሩ ተከፈተ። ዘመድ ከዘመድ ተቃቀፈ፤ ጤፍና ሲሚንቶ ተጫነ። ይሁን እንጂ ብርና ናቅፋ በምን ሂሳብ እንደሚመነዘሩ፣ ጉምሩኩ በምን ደንብ እንደሚሠራ ለሕዝብ የተገለጸ ውል አልነበረም። ጥቂት ወራት ሳይሞላ መተላለፊያዎቹ በኤርትራ በኩል አንድ በአንድ ተዘጉ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ማብቂያም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አስመራ የሚያደርገውን በረራ አቋረጠ። በ1985ቱ ስሕተት ላይ ሁለተኛ ቤት ተሠራ፤ መሠረቱ አሁንም የመሪዎች መተቃቀፍ ነበር።

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመውም የመግባቢያ ሰነድ ሙሉ ቃሉ ለሕዝብ አልቀረበም። ውጤቱ ከሶማሊያ መንግሥት ጋር ዓመት የሚጠጋ የዲፕሎማሲ ጠብ ሆነ፤ አምባሳደራችን እስከ መባረር ደረሱ። ጠቡ የረገበው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአንካራ፣ በሦስተኛ ወገን ሽምግልና ነው። የባሕር በር ጥያቄያችን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ትክክለኛ ጥያቄ በድብቅ ሰነድና በዛቻ ሲቀርብ ወዳጅ ያሳጣል።

ፓርቲያችን ምን ይላል?

ፓርቲያችን ከተመረጠ የሚከተሉትን ለመፈጸም ቃል ይገባል።

አንደኛ፣ ከጎረቤት አገሮች ጋር የሚደረግ ማንኛውም የንግድ፣ የወደብና የገንዘብ ስምምነት በተወካዮች ምክር ቤት በግልጽ ውይይት ሳይደረግበትና በነጋሪት ጋዜጣ ሳይታተም አይጸናም።

ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ስምምነት ውስጥ የሚዳኝ አካል በስሙ ይጻፋል። ነጋዴውም በመንግሥታት ጠብ ዕቃው ቢያዝ የሚያቀርበው አቤቱታ የሚሰማበት ቦታ ይኖረዋል።

ሦስተኛ፣ ድንበር ከመዘጋቱ፣ ቀረጥ ከመጣሉ ወይም የክፍያ ሥርዓት ከመለወጡ በፊት የንግድ ምክር ቤቶችና የድንበር ከተሞች ነዋሪዎች ይደመጣሉ፤ የመሸጋገሪያ ጊዜም ይሰጣል።

አራተኛ፣ ከጎረቤት አገር ጋር ብንጣላ እንኳ ማንም ሰው በዘሩ ምክንያት ከቤቱ አይባረርም፣ ንብረቱም አይወሰድም። በ1990 ዓ.ም. በጎረቤቶቻችን ላይ የተፈጸመው በደል በደል እንደነበር መንግሥት በይፋ እንዲያምን እናደርጋለን።

አምስተኛ፣ የወደብ አማራጮችን በውልና በጋራ ጥቅም እናሰፋለን፤ በጦርነት ግን አንሞክረውም።

«ይህ ለባዕድ መለማመጥ ነው» የሚሉን አሉ። አይደለም። መርካቶ ውስጥ ከጎን ያለ ሱቅ ባለቤት ጋር ውል የሚጽፍ ሰው ፈሪ አይባልም፤ ብልህ ይባላል። ደንበኛውን ሰድቦ ሱቁን የሚዘጋ ግን ጀግና አይባልም።

የተከበራችሁ መራጮች፣ በ1990 ዓ.ም. ማንም መጥቶ አልጠየቃችሁም። ሂሳቡ ግን ወደ እናንተ መጣ። በመጪው ምርጫ ካርዳችሁን ይዛችሁ ስትወጡ፣ የሚቀጥለው ውል ከመፈረሙ በፊት ተጠያቂው እናንተ እንድትሆኑ የሚያደርገውን ምረጡ።

ፈጣሪ አገራችንንና ጎረቤቶቻችንን በሰላም ይጠብቅልን።