ሞተሩ እየሠራ የማይሄድ ትራክተር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለ ሆነ፣ ስለ ሥልጣኔ በጠቅላላው ከመናገር ይልቅ ስለ አንድ ነገር ብቻ ልናገር መርጫለሁ። ይኸውም ሞተሩ በደንብ እየሠራ፣ ጢሱም እየወጣ፣ ማርሽ ሲገባለት ግን ከቆመበት ንቅንቅ የማይል የእርሻ ትራክተር ነው። ስንዴ በሚዘራበት በአርሲ አገር የሚኖር ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም።

ነገሩ የባለ መኪናው ጣጣ ብቻ አይደለም። በ1967 በአውሮፓ አቈጣጠር በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ተቋቁሞ በሠራባቸው ዓመታት፣ ብዙ ባለ ርስቶች ትራክተር እየገዙ ጭሰኞቻቸውን ከመሬት ያስነሡ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜ ትራክተር ለድኻው የሚያስፈራ ነገር ነበረ። ዛሬ ግን ትንሽ መሬት ያለው ገበሬም በኪራይ ያሳርስበታል፤ ተራውንም ይጠብቃል። ስለዚህ በሰኔ አንድ ትራክተር ሲቆም ከኋላው ተራ የያዙት ቤተ ሰቦች ሁሉ አብረው ይቆማሉ። ዘግይቶ የተዘራ ስንዴ ፍሬውን ሳይሞላ ዝናሙ ያልቅበታል፤ ይህን ለወላጆቼ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የሚያሳዝነው ነገር፣ ትራክተር በቆመ ጊዜ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መክፈት ነው። ገበሬ በሬው ቢተኛበት ቀንበሩን ያያል፣ ማነቆውን ያላላል፣ ሰኮናውን አንሥቶ እሾህ ይፈልጋል፤ ወዲያው ቢላዋ የሚስል የለም። ለትራክተር ሲሆን ግን ወዲያው መፍቻ ይነሣል። ፍሪሲዮኑን ለማየት ትራክተሩን ከወገቡ ላይ ለሁለት መክፈል ግድ ነው፤ ሞተሩና የፊት እግሮቹ ወደ አንድ ወገን፣ ካምቢዮውና የኋላ ጎማዎቹ ወደ ሌላ ወገን ይሄዳሉ። ከባድ ሥራ ነው፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣም ትራክተሩ ለሁለት እንደ ተከፈለ ይቀመጣል። በእኔ አሳብ፣ ሳይከፈት ሊታወቅ የሚችለውን ሁሉ ሳይጨርሱ መክፈት የገበሬውን ጊዜ መስረቅ ነው።

ኀይሉ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። ከሞተሩ ይነሣና ወደ ፍሪሲዮን፣ ከፍሪሲዮን ወደ ካምቢዮ፣ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል፣ ከዚያም ሴሚያስ በሚባሉት የግራና የቀኝ ዘንጎች ወደ ጎማዎቹ ይደርሳል። ጎማው ካልዞረ ኀይሉ በዚህ መንገድ አንድ ቦታ ላይ ተቈርጧል፤ ወይም ሳይቈረጥ የያዘው ነገር አለ። እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ጆሮ ይበቃል። ማርሽ አስገብታችሁ ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ስትለቁት የሞተሩ ድምፅ ከወረደና ሊጠፋ ከቃጣ፣ ኀይሉ ይደርሳል ማለት ነው፤ የያዘውም የተጣበቀ ፍሬን፣ ወይም በአፈር የተቀበረ ማረሻ፣ ወይም ሁለት ማርሽ ባንድነት ገብቶ መቈላለፉ ነው። ድምፁ ምንም ካልተለወጠ ግን ኀይሉ ተቈርጧል፤ እንግዲህ ፍለጋው ከዚህ ይጀምራል።

መጀመሪያ እጀታዎቹ ይታዩ። በአገራችን እጅግ የታወቀው ማሴ ፈርጉሰን 135፣ ከ1964 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ይሠራ የነበረው፣ ሁለት የማርሽ እጀታዎች አሉት። አንደኛው 3 የፊት ማርሽና 1 የኋላ ማርሽ ያስገባል፤ ሁለተኛው እነዚህን በዝግታ ወይም በፍጥነት እያደረገ 6 የፊትና 2 የኋላ ያደርጋቸዋል። ሁለተኛው እጀታ መካከል ላይ ከቀረ፣ በመጀመሪያው የፈለጋችሁትን ማርሽ ብታስገቡ ትራክተሩ አይሄድም። ይህ የሚያስቅ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ለዚህ ብቻ መካኒክ የተጠራበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚህ በኋላ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ነው። ፔዳሉን በእጅ ስትጫኑት መጀመሪያ ላይ ጥቂት ያለ ሥራ መውረድ አለበት፤ ልኩ በመመሪያው መጽሐፍ ተጽፏል። ይህ ክፍተት ከጠፋ፣ ማንም ሳይረግጠው ኩሽኔታው ፍሪሲዮኑን ዘወትር እየተጫነ በግማሽ ይይዘዋል፤ ሸራውም እየተንሸራተተ ይቃጠላል። በጊዜ ከተደረሰበት ከውጭ ያለውን ማገናኛ ዘንግ በመፍቻ ማስተካከል ይበቃል። ሹፌሮች እግራቸውን በፔዳሉ ላይ ማሳረፍ ይወዳሉ፤ ከዚህ የበለጠ ፍሪሲዮን የሚጨርስ ልማድ አላውቅም። ከፍሪሲዮኑ ቤት በታች ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ዘይት የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ ሸራው ዘይት ጠጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ማስተካከል አይረዳም፣ መክፈት ነው።

ክረምቱን ሙሉ ቆሞ በቈየ ትራክተር ላይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ይደርሳል። ሸራው ዝጎ ቮላኖ ከሚባለው ከከባዱ የሞተር መንኰራኵር ጋር ይጣበቃል። ፔዳሉ ቢረገጥም ፍሪሲዮኑ አይለቅም፤ ማርሹም እያንኳኳ እንቢ ይላል። እዚህ ላይ ኀይሉ አልተቈረጠም፤ መግቢያ ነው የጠፋው። ብዙ ጊዜ ፔዳሉን ረግጦ በእንጨት ደግፎ ማሳደር ይፈታዋል።

አሁን ብዙዎች የማያስታውሱትን ፈተና ልንገራችሁ። ከትራክተሩ በስተኋላ ወፍጮ ወይም መውቂያ የሚያዞር ዘንግ አለ፤ ፒቲኦ ይሉታል። በዚህ በጠቀስሁት ዓይነት ትራክተር ማረሻውን የሚያነሣው የዘይት ፓምፕ የሚዞረው በዚሁ ዘንግ መሥመር ነው። እንግዲህ ፍሪሲዮኑ ባለ አንድ ሸራ ከሆነ፣ ጎማውም ፓምፑም ኀይል የሚያገኙት ከዚያው ከአንዱ ሸራ ነው። የፒቲኦውን እጀታ አስገቡና ከባዱን ማረሻ አንሡ። ማረሻው በደንብ ከተነሣ ሸራው ኀይል እያስተላለፈ ስለ ሆነ፣ ትራክተሩን ከወገቡ ከመክፈት በፊት ወደ ኋላ ሂዱ፤ ችግሩ ከካምቢዮ ወዲያ ሊሆን ይችላል። ፍሪሲዮኑ ባለ ሁለት ሸራ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ለፒቲኦው ለብቻው ሸራ ስላለው፣ ማረሻው መነሣቱ ስለ ጎማው ሸራ ምንም አይነግራችሁም። ትራክተሩ የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ በእግር ይታወቃል፤ ባለ ሁለቱ ፔዳል በመንገዱ መካከል ጠንከር ይላል፣ እስከዚያ ሲረገጥ ጎማው ይቆማል፣ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ፒቲኦውም ይቆማል።

ስለ ሴሚያስ ለማስረዳት በሠፈራችን የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ባለ ትራክተር ከጭቃ ውስጥ ጋሪ ሲጐትት ከኋላ አንድ ነገር ጓ ብሎ ጮኸና ትራክተሩ ቆመ። ከከተማ የመጣው መካኒክ ጥቂት አዳምጦ፣ «ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ መከፈት አለበት» አለ። ሹፌሩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ «ልጄ፣ ትከፍተዋለህ፤ እስቲ መጀመሪያ አንድ ነገር ልሞክር» ብለው ወጡበት። ማርሽ አስገቡና የዲፈረንሻል መቈለፊያውን ፔዳል ረገጡ። ትራክተሩ ወደ ጐን እየጐተተ ሄደ! ምክንያቱ ይህ ነው፤ ዲፈረንሻል ኀይሉን የሚሰጠው በቀላሉ ለሚዞረው ወገን ነው። አንዱ ሴሚያስ ከተሰበረ ኀይሉ ሁሉ በተሰበረው በኩል በከንቱ ይዞራል፤ ደኅናው ጎማ ምንም አያገኝም። መቈለፊያው ሁለቱን ወገን ሲያስር ደኅናው ይሠራል። በዚህ ዓይነት የተሰበረው የግራው ሴሚያስ መሆኑ ታወቀ። ሞተሩና ካምቢዮው አልተነኩም፤ በግራ በኩል ብቻ ተፈትቶ፣ ዘንጉ ተለውጦ፣ በውስጥ የቀረው ስባሪ ተፈልጎ ወጣ። ዘይቱም ተደፍቶ የብረት ፍንካች እንዳይቀር በማግኔት ተፈተሸ፤ አንዲት ፍንካች በማርሹ ጥርስ መካከል ብትገባ ሌላ ስብራት ታመጣለችና። መካኒኩም ሥራውን በመልካም ሠራ፤ ስሕተቱ መቸኰሉ ብቻ ነበር።

መቈለፊያ የሌለው ትራክተር ከሆነ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማርሽ እንደ ገባ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሥቶ በእጅ ማዞር ነው። ሌላው ጎማ መሬት ከያዘ የተነሣው ጎማ መዞር የለበትም። በነጻ የሚዞር ከሆነ ከሁለቱ ሴሚያሶች አንዱ ተሰብሮ፣ ወይም ካምቢዮው ውስጥ ማርሹ ሳይዝ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የፊት ጎማዎች በድንጋይ ታኮ ይደረጉ፤ ከአክሱ ሥር ወፍራም ግንድ ይግባ። በክሪክ ብቻ በተደገፈ ትራክተር ሥር የሚገባ ሰው፣ እግዚአብሔር ይጠብቀው እንጂ፣ እኔ አብሬው አልገባም።

ዛሬ የሚመጡት አዳዲስ ትራክተሮች በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ትእዛዝ ስለሚሠሩ፣ ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ካልተቀመጠ ወይም የእጅ ፍሬኑ ካልተለቀቀ እንዳይሄዱ የተደረጉ አሉ። በእነዚህ ላይ ከመፍቻ በፊት በፊታችሁ ያለውን መብራትና ምልክት አንብቡ፤ ፊውዙንም እዩ።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት የፍሪሲዮን ሳህኖች አሉ። አንደኛው አዲስ ነው። ሁለተኛው ሸራው እስከ ሚስማሩ ድረስ ያለቀ ነው፤ አፍንጫችሁን ብታቀርቡለት ማቃጠሉ ዛሬም ይሸታል። ሰልፉ ሲያልቅ መጥታችሁ ሁለቱን በእጃችሁ ያዙና ውፍረታቸውን አስተያዩ፤ እጃችሁን የምትጠርጉበት ጨርቅ ከጐኑ ተቀምጧል።