ለፈተና ሰሞን የሚሆን ሳቅ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እዚህ ጎንደር፣ በግቢዬ ከደባርቅና ከዳባት የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተከራይተው ይኖራሉ። ባለፈው የፈተና ሰሞን አንዷን እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልመጣ አላት። «እማማ፣ ብወድቅ በምን ዓይኔ አገሬ እገባለሁ?» ብላ አለቀሰች።

ቡና አፍልቼ ሁሉንም ሰበሰብኳቸውና የሳቅ ዮጋ ሞከርን። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1995 በህንድ፣ ሙምባይ ዶክተር ማዳን ካታሪያ ከጥቂት ሰዎች ጋር መናፈሻ ውስጥ ጀመሩት። በአገራችንም በላቸው ግርማ በሳቅ ስሙን አስጠርቷል።

ቀልድ አያስፈልገውም። እያጨበጨቡ «ሆ ሆ፣ ሃ ሃ ሃ» ማለት፣ በረጅሙ መተንፈስ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ነው። መጀመሪያ የውሸት ነው፤ ሲተያዩ እውነተኛው ይመጣል።

ልጅቷ አፈረች፤ ኋላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ፈተናው አልቀለለም፤ ግን ያን ማታ እራቷን በላች፣ የከበዳትንም አጫወተችን።

እህቶቼ፣ ሳቅ ሐኪምን አይተካም። ጭንቀቷ የሰነበተባትን ልጅ ወደ ሐኪም እንውሰዳት። በቅርቡ ኦፕራሲዮን የሆነ ሰውም በኃይል አይሳቅ። ልጆቻችንን ግን ኪራይ ስንቀበል ብቻ አንያቸው፤ «እንዴት ሰነበትሽ ልጄ?» እንበላቸው።