የድንች ጆንያና የቬራ አንገት



ደብረ ታቦር ላይ በገበያ ቀን ድንች ተራ አጠገብ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ከጉና ግርጌ የወረደው ድንች ጆንያው ተወጥሮ ይመጣል። ተሸካሚው ጎንበስ ይላል፤ ሁለት ሰው አንሥቶ ጀርባው ላይ ያሳርፍለታል፤ እሱም አንዴ «እህ» ብሎ በዚያ ጭቃ መንገዱን ይቀጥላል። ባለፈው ሰሞን አንዱን እያየሁ በዚሁ ዓይነት ሸክም የሠለጠነች የኦሎምፒክ ባለወርቅ ትዝ አለችኝ። ሯጭ እንዳትመስላችሁ፤ ክብደት አንሺም አይደለችም። ጂምናስት ናት። ቬራ ቻስላቭስካ ትባላለች፣ የቼኮስሎቫኪያ ሰው።

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። ጂምናስቲክን በሬዲዮ ማውራት እስክስታን በስልክ እንደ ማስተማር ነው። እናንተ አግዙኝ። በክረምት ወንዝ ላይ የተጋደመ የባሕር ዛፍ ግንድ አስቡ፤ ያንን እጃችንን ዘርግተን፣ ትንፋሻችንን ውጠን የምንሻገረውን። የጂምናስቲኩ አግዳሚ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሴቶቹ ታዲያ መሻገር ብቻ መች አነሳቸው፣ እላዩ ላይ ይገለባበጣሉ። እኛ የለመድነው ሩጫ ዳኛው ሰዓት ነው፤ ቀድመህ ከገባህ ገባህ። ይህ ግን በሰው ዓይን የሚዳኝ ነው፤ የእግር ጣት ቢታጠፍ፣ አንገት ቢዛባ ነጥብ ይቆረጣል። የአንገቱን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። አዳራሽና መሣሪያ የሚጠይቅ ውድ ስፖርት በመሆኑም አፍሪካ በጂምናስቲክ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያገኘችው ገና በ2024 ፓሪስ ላይ፣ በአልጄሪያዋ ካይሊያ ነሙር ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ መገለባበጡን በሰርከስ በኩል ተያይዘውታል፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ወግ ይወጣዋል።

ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ልቁጠርና፣ ቬራ በ1942 ፕራግ ከተማ ተወለደች። በ1960 ሮም ላይ የ18 ዓመት ልጅ ሆና ከቡድኗ ጋር ብር አገኘች። ጂምናስቲኩ የተካሄደው በካራካላ ጥንታዊ ፍርስራሽ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ያኔ ከእኛ ተወስዶ የነበረው የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር፤ አበበ ቢቂላም በዚያው በኩል በባዶ እግሩ አለፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ አበበ ማራቶኑን ሲደግም፣ ቬራ ታላቋን የሶቪየት ጂምናስት ላሪሳ ላቲኒናን አሸንፋ ሦስት ወርቅ ለብቻዋ ወሰደች።

ዋናው ታሪክ የ1968ቱ ነው። በዚያ ዓመት ቼኮስሎቫኪያ ውስጥ የለውጥ ነፋስ ነፍሶ ነበር። ለውጡ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚጠይቅ «ሁለት ሺህ ቃላት» የተባለ ጽሑፍ ወጣ፤ ቬራም ፈረመችበት። ሯጮቻችን ስሙን የሚያውቁት ኤሚል ዛቶፔክም ፈርሟል። ከዚያ ነሐሴ መጣ። እዚህ ደብረ ታቦር ላይ ቡሄ ውሎ፣ ሙልሙሉ ከየቤቱ ገና ሳያልቅ፣ ለነሐሴ 15 አጥቢያ የሶቪየትና የአጋሮቿ ታንኮች ድንበር ጥሰው ገቡ። ምክንያታቸውም «ወንድማዊ እርዳታ» የሚል ነበር። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው ለዚህ ነው።

የሜክሲኮው ኦሎምፒክ ሊጀመር ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም። ፈራሚ ሁሉ ሊታሰር ይችላልና ቬራ የዬሴኒኪ ተራሮች ውስጥ ገብታ ተደበቀች። ተቀናቃኞቿ ሜክሲኮ ላይ አየሩን እየለመዱ ሳሉ እሷ ጫካ ውስጥ ለሦስት ሳምንት ያህል የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እየተንጠለጠለች፣ የወደቀ ግንድ ላይ ሚዛኗን እየጠበቀች፣ ሣር ላይ እየተገለባበጠች ሠራች። ጡንቻዋ እንዳይሟሽሽ የድንች ጆንያ ታነሣለች። መዳፏ እንዳይለሰልስ ከሰል በአካፋ ትዝቃለች፤ በእንጨት ዘንግ ላይ ለሚሽከረከር ሰው መጅ ከጫማ ይበልጣልና። እርፍ የጨበጠ የፋርጣ ገበሬ መጅ ማለት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃል።

በመጨረሻ ባለሥልጣናቱ ወደ ሜክሲኮ እንድትሄድ ፈቀዱላት። በዚያው በጥቅምት፣ አበበ ጉዳት ደርሶበት ሲያቋርጥ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን በተረከበባት ከተማ፣ ቬራ አራት ወርቅና ሁለት ብር ሰበሰበች። የወለሉን ትርኢት ያቀረበችው በሜክሲኮዎቹ የባህል ዜማ ነበር፤ ሕዝቡ የራሱ ልጅ አድርጎ ተቀበላት። ብልጠቷ እዚህ ላይ አይሎ ታይቶኛል፤ በሰው ዓይን በሚዳኝ ስፖርት ሕዝብ ከጎንህ ቢሆን ምን ይከፋል? ዳኞቹ ግን ሌላ ነገር አመጡ። የሶቪየቷ ላሪሳ ፔትሪክ ቀድሞ የተሰጣት ነጥብ ከፍ ተደረገላትና የወለሉን ወርቅ ሁለቱ ተጋሩት። በአግዳሚው ደግሞ ወርቁ የሌላዋ የሶቪየት ልጅ የናታሊያ ኩቺንስካያ ሆኖ፣ ለቬራ ብሩ ደረሳት።

የሶቪየት መዝሙር ሲዘመር ቬራ አንገቷን ወደ ቀኝ አዞረችና ወደ መሬት አቀረቀረች። ይኸው ነው። ቡጢ አልጨበጠችም፣ ቃል አልተናገረችም። በእኛ ቋንቋ አንገቱን የደፋ ሰው ተሸንፏል ወይም አፍሯል እንላለን። እሷ ግን የራሷን ደፍታ የሌላውን አስደፋች። ጎንደሬ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም፤ አንገት ብቻውን ስንት ነገር እንደሚናገር እስክስታ ላይ አይተናል። የዚህን ዋጋ የከፈለችው አገሯ ስትመለስ ነበር።

ባለሥልጣናቱ ፊርማሽን ሰርዢ አሏት፤ እምቢ አለች። ደጋግመው ጠየቋት፤ እምቢ። ከስፖርቱ ተገለለች፣ ከአገር እንዳትወጣ ተከለከለች፣ ሥራ አጣች። ዛቶፔክ እንኳ ከሠራዊቱ ተባርሮ በየገጠሩ በቁፋሮ ሥራ ከተንከራተተ በኋላ ቃሉን አለዝቧል። አልፈርድበትም፤ በዚያ ቦታ ብሆን እኔ ስንት ቀን እንደምቆይ እንጃ። ለቬራ ማሠልጠን የተፈቀደላት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። በ1989 የኮሚኒስቱ ሥርዓት ሲወድቅ የፕሬዚዳንት ሃቬል አማካሪ ሆነች፤ ስትገለል ዝም ያለውን የስፖርት ዓለም ደግሞ የአገሯ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆና መራችው። ኋላ በቤተሰቧ የደረሰ ከባድ ሐዘን ለዓመታት ከአደባባይ አራቃት። ያረፈችው በ2016፣ በ74 ዓመቷ ነው፤ እሱም በነሐሴ።

ይህን ሁሉ ለዚያ ተሸካሚ ነገርኩት፤ ጆንያውን አውርዶ ላቡን እየጠረገ ሰማኝ። ታንኩን ሰማ፣ ጫካውን ሰማ፣ አንገቷን ሲሰማ «ጎሽ!» አለ። ቀጥሎ ትንሽ አሰበና፣

«ለመሆኑ ወንድምዓለም፣ ድንቹን ተሸክማ የት ነው ያደረሰችው?»

«የትም። ታነሣለች፣ ታስቀምጣለች፤ ታነሣለች፣ ታስቀምጣለች።»

«በነጻ?»

«በነጻ።»

አንገቱን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው ጆንያ ጎንበስ አለ።