ጎልማሳው የሚማርባቸው ተቋማት፤ ከሐይቅና ከአምባሰል አኳያ



ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ የሐይቅ ከተማ ትገኛለች፤ ከእርሷ በስተሰሜን የአምባሰል ምድር ይዘልቃል። በዚህ አካባቢ የጎልማሳ ትምህርት እንግዳ ነገር አይደለም። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ባቋቋሙት ትምህርት ቤት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት ክህነት ከተቀበሉ በኋላ እንደነበር ይተረካል። ስለዚህ ጥያቄው ጎልማሳ ይማራል ወይ ሳይሆን፣ በየትኛው ተቋም ቢማር ይጠቀማል የሚለው ነው።

በቅርብ ዘመን የተሞከሩት ተቋማት በአራት ይከፈላሉ።

አንደኛው የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ ዘመቻ በሂደት እስከ 15 በሚደርሱ የአገር ቋንቋዎች ተካሂዷል። ፊደልን ወደ ገበሬው ደጃፍ ማድረሱ ታላቅ ሥራ ነበር፤ ሆኖም የሚነበብ ነገር ከሌለ ፊደል ይረሳል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ንባብን ከእርሻ፣ ከጤናና ከገቢ ጋር ማጣመሩ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው በደርግ ዘመን የተስፋፋው የማኅበረሰብ ክህሎት ማሠልጠኛ ጣቢያ ነው። ከየገበሬ ማኅበሩ የተመረጡ ሰዎች አናጢነትን፣ የብረት ሥራንና ሽመናን ተምረው ወደ መንደራቸው ይመለሱ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ብዙዎቹ ተዳክመዋል። መሣሪያና አሠልጣኝ የሌለው ጣቢያ ደግሞ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተሠራው የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ነው። የሠርቶ ማሳያ ማሳው ከለማ ገበሬው አይቶ ያምናል፤ ማሳው ጦም ካደረ ግን ቃል ብቻ ይቀራል።

አራተኛው በአዋጅ ቁጥር 391/1996 መልክ የያዘው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው። ከዚህ ሥርዓት ጋር የመጣው የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሙያውን ከአባቱ ወይም ከሥራ ቦታ የተማረ ግንበኛም ተፈትኖ ማረጋገጫ እንዲያገኝ በር ከፍቷል።

በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ ብዙ ወጣቶች ወደዚያ ከሚሄዱባቸው አካባቢዎች አንዱ ደቡብ ወሎ ነበር። ተመላሹ ሥራን ያውቃል፤ የሚጎድለው ሙያውን የሚመሰክርለት ወረቀትና የሚቀጥረው ሰው ነው። የቀን ሠራተኛውም ትምህርት ቤት በዋለበት ቀን የዕለት ጉርሱን ያጣል። እንግዲህ ከአራቱ ተቋማት አንዱም ቢሆን የጎልማሳውን ጊዜና ኑሮ ካልቆጠረ ወንበሩ ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ አምስተኛ ተቋም ሊጨመር ይገባል፤ እርሱም የሥራ ቦታው ራሱ ነው። መንገድ፣ ድልድይና የመስኖ ቦይ በሚሠራበት ሁሉ ድንጋይ ጠራቢው፣ ብረት አሳሪውና ለሳኙ በየዕለቱ ይማራሉ። ሥራው ሲያልቅ ግን ኮንትራክተሩ መሣሪያውን ጭኖ ይሄዳል፤ ሠራተኛው የተማረው ሳይመዘገብ እንደገና ተራ የጉልበት ሠራተኛ ይሆናል።

ይህን ማረም በመሐንዲሱ እጅ ነው። የሥልጠናና የምዘና ወጪ እንደ ሲሚንቶና እንደ ብረት በውል ሰነዱ የሥራ ዝርዝር ውስጥ ይግባ፤ ምዘናውም ሥራው ከመዘጋቱ በፊት በዚያው በሥራው ቦታ ይካሄድ። ያን ጊዜ ድልድዩን የሠራው የአምባሰል ግንበኛ፣ ድልድዩ ሲጠገን በባለሙያነቱ ተፈልጎ ይጠራል።