ገመዱን ሳታይ ሰርቨሩን አታጥፋ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ ተማሪ ያደረገው ንግግር)



 የምናገረው በሰርቨርና በተማሪው ኮምፒውተር መካከል ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ ሊደረግ ስለሚገባው ነገር ነው።

ይህ ጉዳይ ለባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንድ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒውተር አማካይነት ተሰጥቷል። እንግዲህ የሆሳዕናም ሆነ የዱራሜ ልጅ የብዙ ዓመት ድካሙ በአንድ ቀጭን ገመድ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል ማለት ነው።

እኔ ራሴ የሠራሁትን ስሕተት ልናገር። በአንድ የመለማመጃ ፈተና ጊዜ የአንዲት ጓደኛችን ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ጋር አልገናኝ አለ። እኔም ዐዋቂ መስዬ ሰርቨሩን አጥፍቼ እንደገና አስነሣሁት። በዚያች ቅጽበት የሠላሳ ተማሪዎች ገና ያልተመዘገበ መልስ ጠፋ። በኋላ ሲታይ ግን ጥፋቱ ከጓደኛችን ኮምፒውተር ጀርባ የላላ ገመድ ኖሯል! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው በእኔ ደረሰ።

ስለዚህ በቅድሚያ «የተቸገረው አንድ ነው ወይስ ሁሉ?» ብለን እንጠይቅ። አንድ ብቻ ከሆነ ሰርቨሩን አንንካ፤ ሁሉም ከሆኑ ስዊቹንና ሰርቨሩን እንመርምር።

ሁለተኛ፥ ገመዱ በሚገባ መሰካቱንና በመሰኪያው አጠገብ ያለችው መብራት መብራቷን እንይ።

ሦስተኛ፥ የኮምፒውተሩን አይፒ አድራሻ እንመልከት፤ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ አድራሻ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ ያወጣው ቁጥር ነው።

አራተኛ፥ ፒንግ በሚባለው ትእዛዝ ሰርቨሩን በቁጥሩ እንጥራው። በቁጥሩ ሲጠራ መልሶ በስሙ ሲጠራ ካልተገኘ መንገዱ ደኅና ነው፤ የጎደለው ስሙን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ ነው። ይህም ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ የተላከ መልእክተኛ ከተማው ገብቶ ሳለ ቤቱን የሚያሳየው ሰው እንዳጣ ያለ ነው። በስሙም መልሶ ፈተናው ካልተከፈተ ፋየርዎሉንና የፈተናውን ፕሮግራም እንመርምር። ደግሞም ለፒንግ እንዳይመልስ የተከለከለ ሰርቨር ስላለ፥ ዝም ቢል ወዲያው ሞቷል አንበል።

በመጨረሻም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፤ የለወጥነውንም በደብተር እንጻፍ። ያን ቀን መልሳቸው የጠፋባቸውን ጓደኞቼን በዚህ አደባባይ ይቅርታ እጠይቃለሁ።