ዳታው ሲዘጋ ትእዛዙ የት አለ?

በእስቴ መካነ ኢየሱስ፣ በስማዳ፣ በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት ሆናችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ ዛሬ ስለ ኢንተርኔትና ስለ ሕግ እንነጋገራለን።

ሐምሌ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጣው ግን በማግስቱ ነው። አዋጁ ጥር 2016 ላይ ለ4 ወራት ተራዝሞ ግንቦት መገባደጃ ላይ ጊዜው አበቃ። ዳታ በአንዳንድ ከተሞች መመለስ የጀመረው ደግሞ ሐምሌ 2016 ነው። መዘጋቱ ከአዋጁ ቀድሞ መጣ፣ አዋጁ ካለፈም በኋላ ቆየ ማለት ነው። ታዲያ ከአዋጁ በፊትና በኋላ ለነበሩት ቀናት ሕጋዊ መሠረቱ ምንድን ነው? እኔን እንደ ሕግ ባለሙያ እረፍት የሚነሳኝ ይህ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። የስልክ ጥሪና ዳታ በአንድ ማማ ቢያልፉም ለየብቻ ሊዘጉ ይችላሉ። ዳታ በጠፋ ጊዜ ስልክ እየጠራ፣ በኮከብ 127 መሰላል ቴሌብር እየሠራ፣ ቴሌግራም አልከፍት የሚለው ለዚህ ነው። የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. የሆነው ከዚህ ይለያል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ችግር በተፈጠረበት በዚያ ሰሞን ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተመርጠው ታገዱ፤ እስከ ሐምሌ ድረስም ቆዩ። እንዲህ ያለውን እገዳ ብዙ ሰው በቪፒኤን አልፎታል። ዳታው ጨርሶ ሲዘጋ ግን ቪፒኤንም የሚሄድበት መንገድ የለውም።

ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል? አንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማስተላለፍ ነፃነትን ያረጋግጣል፤ ቅድመ ምርመራንም በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ ይህን መብት መገደብ ይፈቅዳል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ገደቡ በአዋጅ የሚጣልና ሁኔታው ከሚጠይቀው የማያልፍ መሆን አለበት። ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የአንድን ክልል እህል ነጋዴ፣ ተማሪና ነርስ ሁሉ ዳታ መንፈግ ሁኔታው የሚጠይቀው ልክ ነበር ብሎ የሚያስረዳ የጽሑፍ ምክንያት ለሕዝብ ሊቀርብ ይገባ ነበር።

መንግሥት የሚለው አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ2011 ሐምሌ ላይ ኢንተርኔት ውኃ ወይም አየር እንዳልሆነ፣ ሕይወት ለማዳን ከሆነም እንደሚዘጋ በግልጽ ተናግረዋል። አደጋው እውነት ነው፤ እዚሁ ጎረቤታችን ባሕር ዳር አይተነዋል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ትግራዋይ ናቸው ተብሎ በፌስቡክ ስማቸውና ፎቷቸው ተለጥፎ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ልጃቸው ሜታ ኩባንያን ናይሮቢ ፍርድ ቤት ከሷል። ይህ ሞት ልቤን ቢያደማውም፣ መፍትሔው ሁሉንም ሰው ማጨለም ነው ለማለት አልችልም። ጽሑፉ ይነሳ፣ ጸሐፊው ይጠየቅ፣ ኩባንያው ይከሰስ። ጽሑፉ እንዲነሳና ጸሐፊው እንዲጠየቅ የሚል ሕግ ደግሞ በእጃችን አለ።

እሱም የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ነው። ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ያስከትላል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስራቱ እስከ 3 ዓመት፣ መቀጮው እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሱ ያዝዛል። ብዙዎቻችሁ ላይክ ማድረግ ያስከስሳል ወይ ብላችሁ ትፈራላችሁ። አዋጁ ላይክና ታግ ማድረግን ከማሰራጨት አይቆጥርም። ሼር ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ሐሰት መሆኑን እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ ሁከት ወይም ግጭት የሚያስነሳ ነገር የሚያዛምት ሰው ይጠየቃል። እውነትነቱን ለማጣራት ተገቢውን ጥረት ያደረገን ሰው አዋጁ አይነካም። የፖለቲካ ትችትንም እንደዚሁ ይጠብቃል። በዚህ ሕግ ላይ ቅሬታ አለኝ፤ «ማወቅ ሲገባው» የሚለው ሐረግ ለዓቃቤ ሕግ ሰፊ በር ይከፍታል። ቢሆንም ተከሳሹ ክሱን በጽሑፍ ያያል፣ ጠበቃ ያቆማል፣ ይግባኝ ይላል። ዳታው የተዘጋበት የመካነ ኢየሱስ ሰው ግን በማን ላይ ይግባኝ ይበል?

ይህን ጥያቄ ለፍርድ ቤት ያቀረቡ አሉ፤ ቶጎ ውስጥ መንግሥት በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በተቃውሞ ሰልፎች ወቅት ኢንተርኔት ዘጋ። የመብት ተሟጋቾች ጉዳዩን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሀገራት የጋራ ፍርድ ቤት ወሰዱት። መንግሥት ለሀገር ደኅንነት ነው ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ መዝጋቱን የሚፈቅድ የሀገሪቱ ሕግ ባለመኖሩ ድርጊቱ ሕገ ወጥ ነው ሲል በ2012 ሰኔ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ወሰነ፤ ከሳሾቹም ካሳ ተፈረደላቸው። እኛ በዚያ ፍርድ ቤት ሥር አይደለንም። ነገር ግን የአፍሪካን የሰብአዊ መብቶች ቻርተር ያጸደቅን ነን። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 9 ያጸደቅነው ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል፤ በአንቀጽ 37 ደግሞ በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ማንኛውም ሰው፣ ማኅበርም ቢሆን አባላቱን ወክሎ፣ ለፍርድ ቤት ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። የጠበቆች ማኅበራትና የነጋዴ ምክር ቤቶች ይህን በር አንኳኩተው፣ ማን አዘዘ፣ በየትኛው ሕግ፣ እስከ መቼ ብለው በጽሑፍ እንዲጠይቁ እወዳለሁ።